ቅዳሜ የተጫወተው አባት

መስከረም 19 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር፤ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 30፣ 2023። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሊዮን ባለችው አንድ ክፍል ቤቴ ከመስቀል የተረፈ ወጥ እያሞቅኩ፣ ስልኬን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ የራግቢ ዓለም ዋንጫ አያለሁ። ቦርዶ ላይ ፊጂ ከጆርጂያ ይጫወታሉ። ፊጂ እስከ እረፍት 9 ለ0 ተመራች፤ እኔም በንዴት አፍጥጬ ስቀር ወጡ አረረ። ከእረፍት መልስ ተነቃቁና 17 ለ12 አሸነፉ። እሰየው ብዬ ከላይ ከላዩ ያላረረውን በልቼ ተኛሁ።

ወሬውን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው። ለፊጂ መሃል ላይ ሲጫወት ያየሁት ጆሱዋ ቱኢሶቫ፣ ከጨዋታው በፊት በነበረው ቀን፣ ዓርብ፣ የሰባት ዓመት ልጁ ሞቶበታል። ልጁ ለረጅም ጊዜ ታሞ ነበር። አባትየው ፈረንሳይ ሆኖ መርዶውን ሰማ። ሰምቶም ቅዳሜ ማልያውን ለብሶ ሜዳ ገባ። አሰልጣኙ ሳይመን ራይዋሉይ ነገሩን ሲገልጡ፣ ከቡድኑ ጋር መቆየትን የመረጠው ራሱ መሆኑን ተናገሩ።

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው ቃል «እንዴት ያለ አባት ነው?» የሚል ነው። ብቻዬን ነበርኩ፤ ግን ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ወዲያው የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ተቀመጠ። በዚያ ሰው ላይ ለመፍረድ እኔ ማን ነኝ? የእኔ አባት የሞተ ሰሞን እኔ ምን ስሠራ ነበር? ያ ጥያቄ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ ይህን የምጽፈውም ለዚህ ነው።

ጌርላን

ሰውየውን ያወቅኩት በቴሌቪዥን አይደለም። አውቶቡስ መንዳት ከመጀመሬ በፊት ቅዳሜና እሑድ ጌርላን ስታዲየም አጸዳ ነበር። ጌርላን የሊዮን እግር ኳስ ክለብ ለብዙ ዓመታት የተጫወተበት ሜዳ ነው፤ እግር ኳሱ ወደ አዲሱ ስታዲየም ሲዛወር ራግቢው ገባበት። የእኛ ሥራ የሚጀምረው ሰው ሲወጣ ነው፤ ወንበር ለወንበር እየሄዱ የቢራ ኩባያና የሳንድዊች ወረቀት መልቀም። ግን ቀደም ብላችሁ ተገኙ ስለምንባል የመጨረሻዋን ሃያ ደቂቃ መጥረጊያችንን ይዘን ከደረጃው ሥር ቆመን እናያለን።

የገረመኝ ድምፁ ነው። በቴሌቪዥን አይሰማም። ሁለት ሰዎች ሲጋጩ፣ ጤፍ የሞላ ኩንታል ከአይሱዙ ላይ ተወርውሮ መሬት ሲያርፍ የሚያሰማው ዓይነት ድፍን ያለ ድምፅ አለው። ቱኢሶቫ ኳስ ሲይዝ ያ ድምፅ ሦስት አራት ጊዜ ይደጋገማል፤ ምክንያቱም አንድ ሰው ብቻውን አይጥለውም። ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ ኪሎው ግን ከመቶ አሥር በላይ ነው። ያን ሁሉ ሥጋ ይዞ ደግሞ እንደ ቀጫጭኖቹ ይሮጣል። አብሮኝ የሚያጸዳው ሴኔጋላዊ ሽማግሌ ቱኢሶቫ ኳሷን ባገኘ ቁጥር ሥራ አቁሞ «አሁን እይ» ይለኝ ነበር።

ራግቢን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ብቻ ልንገር። ኳሷ እንደ እንቁላል ሞላላ ናት፤ በእጅ ስትቀባበላት ወደ ኋላ ብቻ ነው። ወደፊት መወርወር ክልክል ነው። ስለዚህ ወደፊት የሚሮጥ ሰው ሲያዝ ኳሷን የሚያቀብለው ከኋላው ለመጣ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ዞሮ ሳያይ። ከኋላዬ ሰው አለ ብሎ ማመን አለበት። ይህን ሕግ ያስረዳኝ ያ ሽማግሌ ነው። ያን ጊዜ የጨዋታ ሕግ ብቻ መስሎኝ ነበር።

ቱኢሶቫ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1994 የተወለደ፣ ፊጂ ውስጥ ባ የሚባል አካባቢ ልጅ ነው። ፊጂ ከሦስት መቶ በላይ ደሴቶች ያሏት፣ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን የማይሞላ አገር ናት። በትልቁ የሙያ ውድድር የሚጫወት የአገር ቤት ቡድን ያገኘችው በ2022 ነው። ከዚያ በፊት ጎበዝ የሆነ ልጅ ሁሉ እጣው መሰደድ ነበር፤ ወደ ኒውዚላንድ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ጃፓን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ወደ ፈረንሳይ። ቱኢሶቫም ገና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ፣ በ2013፣ ቱሎን ገባ። ቱሎን ያን ጊዜ ከ2013 እስከ 2015 የአውሮፓን ዋንጫ ሦስት ዓመት በተከታታይ የበላ ክለብ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት! እኔ በዚያ ዕድሜዬ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ስሄድ እናቴ ሦስት ቀን አልቅሳለች።

በ2016 ሪዮ ላይ የፊጂ የሰባት ሰው ራግቢ ቡድን ለፍጻሜ ደርሶ የታላቋ ብሪታንያን ቡድን 43 ለ7 ሲያሸንፍ እሱም ከቡድኑ አንዱ ነበር። ያ ወርቅ በኦሊምፒክ ታሪክ የፊጂ የመጀመሪያው ሜዳሊያ ነው። ሕዝቡ አበደ፤ ብሔራዊ ባንኩም በዓመቱ የሰባት ዶላር ኖት አሳትሞ ቡድኑን አሰፈረበት። ሰባት ዶላር የሚባል ገንዘብ ሌላ የት አለ? በ2019 ወደ ሊዮን መጣ፤ አራት ዓመት ቆየ። እሱ በክለቡ ሳለ ሊዮን በ2022 ማርሴይ ላይ ያንኑ ቱሎንን 30 ለ12 አሸንፎ የአውሮፓ ቻሌንጅ ዋንጫን ወሰደ። በ2023 ክረምት ወደ ፓሪሱ ራሲንግ 92 ተዛወረ።

ያ ዓመት ለፊጂ ሌላ ዓመት ነበር። ነሐሴ ላይ እንግሊዝን በገዛ ሜዳዋ በትዊክናም 30 ለ22 አሸነፉ፤ በታሪካቸው የመጀመሪያው ነው። ዓለም ዋንጫው ሲጀመር በዌልስ 32 ለ26 ተሸነፉ፤ በመጨረሻዋ ሰከንድ የፊጂው ሴሚ ራድራድራ ከፊቱ ማንም ሳይኖር ኳሷ ከእጁ አመለጠች። በሳምንቱ፣ መስከረም 6፣ ሴንት ኤትየን ላይ አውስትራሊያን 22 ለ15 ረቱ። አውስትራሊያን ማሸነፍ ከ1954 ወዲህ አልሆነላቸውም ነበር። የዚያን ዕለት ከፊጂዎቹ ኳሷን ከመስመር አሳልፎ ነጥብ ያስቆጠረው ቱኢሶቫ ብቻ ነው። ሴንት ኤትየን ከሊዮን በባቡር አንድ ሰዓት አይሞላም። እኔ የምሽት ፈረቃ ላይ ነበርኩ፤ ከባቡር ጣቢያው ቢጫ ማልያ የለበሱ አውስትራሊያውያን አሥራ አምስት ያህል ሆነው ተሳፈሩ። አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔ መሪዬን ይዤ በልቤ «የጌርላኑ ሰውዬ!» እያልኩ ነበር።

እንግዲህ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወሬውን ያነበብኩት ስለዚህ ሰው ነው።

«ተኝቷል»

አባቴ ደብረ ማርቆስ ልብስ ሰፊ ነበር። ስኳር ነበረበት፤ ኋላ ኩላሊቱን ነካው። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. እኔ እዚህ የአውቶቡስ ሹፌርነት ሥልጠና ልጨርስ የመጨረሻው ፈተና ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። በነበረኝ ወረቀት አገር ቤት መግባት አልችልም። ሁልጊዜ እሑድ እሑድ እደውላለሁ።

አንድ እሑድ ደወልኩ። እህቴ አነሳችው። «አባዬስ?» አልኳት። «ተኝቷል» አለችኝ። «ሌሊቱን ሲያመው አድሮ አሁን ገና ነው እንቅልፍ የወሰደው።» «አትቀስቅሺው በቃ» አልኩ። ማክሰኞ ለመድኃኒት ብዬ መቶ ሃምሳ ዩሮ ላክሁ። «ደርሶኛል፣ ይስጥልኝ ወንድሜ» ብላ ጻፈችልኝ። በሚቀጥለው እሑድ ስደውል ጠበል ሄዷል ተባልኩ። ድምፅዋ ደክሟል፤ ማስታመም ነው ያደከማት አልኩ። እኔም ፈተና ላይ ነበርኩ፤ ብዙ አልጠየቅኩም።

ፈተናውን አለፍኩ። ለጓደኞቼ ኬክ ገዛሁ፤ ሙዚቃ ከፍተን አመሸን። በማግስቱ ሊነጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አራት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ፔርሙዝ ይዟል። እናታችን የምንላቸው ሴትዮ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ከመካከላቸው ሁለቱ ማታ ኬኬን የበሉ ናቸው። ማንም አልተናገረም። የአገሬ ሰው በዚያ ሰዓት በር ላይ አራት ሆኖ ሲቆም መናገር አያስፈልገውም። «አባዬ ነው?» አልኩ። ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው ትከሻዬን ያዙኝ።

አለቀስኩ፤ አለቀሱልኝ። ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ ያን ጠዋት ብቻዬን ቢሆን ምን እንደምሆን አላውቅም። ቡና ተፈላ፤ ዳቦ ተቆረሰ። ከዚያ ከመጡት ሴቶች አንዷ፣ ለማጽናናት ብላ፣ «አርባው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ ትንሽ አዋጥተን ለተዝካሩ እንልካለን» አለች።

ሲኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። አርባ፣ ሲቀነስ ሃያ አንድ። አሥራ ዘጠኝ። ጭንቅላቴ ሳላዝዘው ነው የቀነሰው። ቀና ብዬ ሳይ ጋሼ አንገታቸውን ደፍተዋል። አባቴ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። «ተኝቷል» የተባልኩ እሑድ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። መድኃኒት ይግዛበት ያልኩት ገንዘብ የደረሰው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

ስለ መርዶ የምንጽፍ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለ ሐዘኑ እንጽፋለን። እኔን ግን የበላኝ ያ አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው። በስድስተኛው ቀን ፀጉሬን ተስተካክያለሁ። በአሥረኛው ቀን ከአንድ ጓደኛዬ ጋር በስልክ እስኪያመኝ ስቄያለሁ። እነዚያን ቀናት አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ፤ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደነሱ የማስታውሰው ቀን የለም። ሰው ሁሉ ያውቅ ነበር። ሱቅ ስገባ ሰላም የሚለኝ የአገሬ ልጅ ያውቅ ነበር። እኔ ብቻ የሞተ አባቴን በሕይወት ይዤ እዞር ነበር።

«ብትሰማ ምን ታደርግ ነበር?» አሉኝ ጋሼ፣ ኋላ ስወቅሳቸው። «መሄድ አትችል። ፈተናው ይበላሽብህ ነበር። አባትህስ ቢሆን ምን ይልህ ነበር?» መልስ አልነበረኝም። ዛሬም በቂ መልስ የለኝም። ያደረጉት በፍቅር ነው፤ አራት ሰው ከሥራው ቀርቶ በውድቅት ሌሊት ቤቴ የመጣው ስለሚወደኝ ነው። እህቴም አባቷን ቀብራ፣ በሣልስቱ ዕለት ለቅሶ ቤት ቁጭ ብላ፣ ለእኔ ስትል ድምፅዋን አስተካክላ «ተኝቷል» ማለቷ ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን ደረቴ ላይ ያለው ነገር አልወረደም።

ያላገኘሁት ፊት

የጆርጂያውን ጨዋታ ደግሜ አየሁት። አሁን ግን ነጥቡን ትቼ እሱን ብቻ ነው የተከተልኩት። ብሔራዊ መዝሙር ሲዘመር፣ ከጨዋታው በፊት ፊጂያውያን የሚፎክሩትን ፉከራ ሲፎክሩ፣ ሲያዝ፣ ሲነሣ። የምፈልገው ነገር ነበረኝ፤ ልጁ የሞተበትን አባት ፊት። ያገኘሁት የሚጫወት ሰው ብቻ ነው። ካሜራው ከእሱ ሲርቅ እናደድ ነበር፤ በቀረበ ቁጥር ደግሞ አፍር ነበር።

ሦስተኛ ጊዜ ሳየው ነው ነገሩ የተገለጠልኝ። እኔ ፈተናዬን ስቀመጥ ፊቴ ላይ ሐዘን ያልነበረው ስላልነገሩኝ ነው። እሱ ግን ያውቃል። ሁለታችንም ወላጅና ልጅ በሞተበት ሰሞን ሥራችንን ሠርተናል፤ ከውጭ ያየን ሰው አይለየንም። ልዩነቱ ያ ቅዳሜ የእሱ መሆኑ ነው። ማንም ቀን አልቀነሰበትም። ልጁ ዓርብ ሞተ፤ እሱም ዓርብ ሰማ፤ ቅዳሜ ምን እንደሚያደርግ ራሱ ወሰነ። የወሰነው እኔ የምወስነው ላይሆን ይችላል። ግን «እንዴት ያለ አባት ነው?» ስል፣ እኔ ፈጽሞ ያልተሰጠኝን ነገር በእጁ ይዞ ባየው ሰው ላይ ቀንቼ ነበር መሰለኝ። ፍርድ ይመስል የነበረው ቅናት ነው።

የውጭ ጋዜጦች ጀግና አሉት። እኔ በዚህ አልስማማም። ቀርቶ መጫወት ጀግንነት ከተባለ፣ በዚያው ምሽት አውሮፕላን ተሳፍሮ ልጁን ሊቀብር የሚሄደው አባት ምን ሊባል ነው? የቆየው ስለበረታ፣ የሚሄደው ስለደከመ አይደለም። ከቦርዶ ፊጂ ከአሥራ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ያን ሰሞን በሰዓት አሥር ሰዓት ይቀድሙን ነበር። ቦርዶ ላይ ጨዋታው ቅዳሜ አመሻሽ ሲጀመር እዚያ የእሑድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፏል። ለቅሶ ቤት ደግሞ ሌሊት አይተኛም። ያን ሌሊት እዚያ ቤት ቴሌቪዥን ተከፍቶ ይሆናል እላለሁ በልቤ፤ የልጁ አያቶች፣ ጎረቤቱ፣ ምንጣፉ ላይ የተቀመጠው ሁሉ ልጃቸው ሲወድቅና ሲነሣ ያያሉ። ይህን ያየሁት በሐሳቤ ነው። ግን በሐሳቤ ካየሁት በኋላ ያ ጨዋታ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልታይ አለኝ።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። የፊጂን ሐዘን በእኛ ዳስ መለካት ስህተት ነው ብዬ ስለ ባህላቸው ማንበብ ጀመርኩ። ሬንጉሬንጉ የሚሉት ሥርዓት አላቸው። ሰው ሲሞት ዘመድ፣ ጎረቤት፣ መንደርተኛ በቡድን በቡድን ሆኖ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይመጣል፤ የተሸመነ ምንጣፍ፣ ታምቡዋ የሚሉትን የዓሣ ነባሪ ጥርስና ካቫ የሚሉትን ከሥር የሚዘጋጅ መጠጥ ይዞ። መጥተው ተቀምጠው ቃል ይናገራሉ፤ ቤተኞቹም በቃል ይመልሳሉ። እኛ ሣልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ እንደምንለው እነሱም አራተኛውን ሌሊትና መቶኛውን ሌሊት ይቆጥራሉ። መቶ ሌሊት! ከእኛ ሰማንያ የሚረዝም። ሐዘን ቀን ቆጥሮ የሚያዝ ነገር መሆኑን እነሱም ያውቃሉ። ያን ሳነብ ሲኒ ይዤ አርባን ስቀንስ የነበርኩት ጠዋት ትዝ አለኝ።

ሌላም ነገር አለ። የፊጂ ቡድን የትም ቢሄድ አብሮ ይጸልያል፤ መዝሙር በድምፅ በድምፅ ተከፋፍሎ ይዘምራል። ሪዮ ላይ ወርቁን ሲወስዱም ሜዳ ላይ ተቃቅፈው ዘምረዋል። ስለዚህ ቱኢሶቫ «ከቡድኑ ጋር ልቆይ» ሲል፣ እኛ እንደምናስበው ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር መቆየቱ ብቻ አይደለም። ቋንቋውን የሚናገሩ፣ መዝሙሩን የሚያውቁ፣ ልጅ መቅበር በእሱ አገር ምን እንደሆነ የሚገባቸው ሠላሳ ያህል ሰዎች አብረውት ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ ለእሱ ከዚያ የሚቀርብ ለቅሶ ቤት አልነበረም። ኳሷን ወደ ኋላ፣ ሳያይ፣ ሰው አለ ብሎ የሚሰጥ ሰው ነው።

ጥቅምት ላይ፣ ኦክቶበር 15፣ ማርሴይ ላይ ለሩብ ፍጻሜ ከእንግሊዝ ጋር ተጫወቱ። እሱም ገባ። 24 ለ10 ሲመሩ ከነበሩት እንግሊዞች ጋር 24 ለ24 እኩል ሆኑ፤ መጨረሻ ላይ 30 ለ24 ተሸነፉ። ሲያልቅ እኔም ከቴሌቪዥኑ ፊት ቆሜ ነበር፤ ቁጭ ብዬ ማየቱ አልሆነልኝም። «አሁን ይሂድ» አልኩ። «አሁን አገሩ ይግባ።»

ሐሙስ ፈተና አለበት

ባለፈው የካቲት ሰኞ ማታ ጋሼ ደወሉልኝ። እዚህ ኤሌክትሪክ የሚማር የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ አለን፤ እናቱ ዛሬ ከሰዓት አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። «ሐሙስ ፈተና አለበት» አሉኝ። «ዓርብ ሊነጋ ሲል እንሄዳለን። አንተ መኪና ስላለህ ሁለቱን ሰዎች ታመጣቸዋለህ።»

«ጋሼ፣ ነገ ጠዋት ይሁን» አልኩ።

ዝም አሉ። በሕይወቴ ለእሳቸው ይሁን አይሁን ብዬ አላውቅም። «ልጁ መሄድ ይችላል?» አሉኝ። አይችልም። የእኔ ዓይነት ወረቀት ነው ያለው። «ታዲያ?» አሉ። ያን ጊዜ ስለ ቱኢሶቫ ነገርኳቸው፤ ዓርብ ሰምቶ ቅዳሜ ስለተጫወተው አባት። አዳመጡኝና «ያ ሌላ ነው፤ እሱ ትልቅ ሰው ነው፤ ዙሪያው ሰው ሞልቶታል» አሉ። «እኛስ?» አልኳቸው። «እኛ አይደለን ሰዉ?» ረዘም ላለ ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ና፣ ውሰደኝ» ብለው ዘጉት።

ልጁ በሩን ሲከፍት እኔን አይደለም ያየው፤ ነጠላውን ነው ያየው። መጀመሪያ ያለው ቃል «መቼ?» የሚል ነው። «ማን?» አላለም። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «ትናንት ከሰዓት» አልኩት። «ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው። በእኛ አራት ሰዓት።» ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ቀና ብሎ አየ። አሥራ አንድ ተኩል ነበር።

ፈተናውን አልተቀመጠም። ሐሙስ ልብሱን ለብሶ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ሄዶ ተመልሷል። እስከ ሰኔ መጠበቅ ነበረበት፤ በዚያም ምክንያት ሊቀጥሩት ያሰቡ ሰዎች ሌላ ሰው ወሰዱ። ሰዎቻችን ይህን አይረሱትም፤ ቡና ላይ በተነሣ ቁጥር «ሦስት ቀን ብንታገሥ ኖሮ» ይላሉ፤ ጋሼ ደግሞ ዝም ይላሉ። ልጁ ራሱ ወቅሶኝም አመስግኖኝም አያውቅም። ስንገናኝ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ሥራ ያወራኛል። እኔ ግን ያ ሥራ ያመለጠው በእኔ ቃል እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሌሊት ሌሊት የምቆጥረው ይህንንም ነው።

ያን ዕለት ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የአጎቱ ልጅ በቪዲዮ ደወለለት። ምስሉ ይቆራረጣል። ነጭ ነጠላ፣ ጃንጥላ፣ አቧራ፣ የቄሶቹ ድምፅ፣ ከዚያ ደግሞ ነጭ ነጠላ። ልጁ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘው፤ እጁ ስለተንቀጠቀጠ ግን ምስሉን ማየት አልቻለም። ምንም ሳይል ወደ እኔ ዘረጋው። ተቀበልኩትና ፊት ለፊቱ፣ በዓይኑ ትክክል ያዝኩለት። እሱ መሬት ላይ ተንበርክኮ ነበር፤ እኔም ወረድኩ። ሃምሳ ደቂቃ ያህል ነው የቆየው። ቀኝ ክንዴ ዛለ፤ ወደ ግራ እጄ ላዛውረው አልኩና፣ ሳዛውረው አፈሩ የሚመለስባት ቅጽበት እንዳታመልጠው ፈርቼ እንዳለ ያዝኩት።